ከመንገድ በፊት አሳውቁን

የሥራ ባልደረቦቿ ማሳሰቢያ ይሏት ነበር። የባንኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ደንበኛ ካርዱን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል «ከመንገድ በፊት አሳውቁን፤ ያልለመዳችሁትን ትልቅ ነገር ከመግዛታችሁ በፊትም አሳውቁን» ሳትል አትለቀውም። አንዳንዱንማ በር ድረስ ተከትላ ትናገረው ነበር አሉ። ያን ቀን ጠዋት ግን ማሳሰቢያ ከባንኩ የኋላ ደረጃ ግርጌ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ሞታለች።

በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ ሬሳ ግን ዛሬም አልለመድኩም። ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው ያቅለሸልሸዋል፤ እኔ ደሜ ይፈላና አጠገቤ ያገኘሁትን እሳደባለሁ። ሳጅኑ ይህን ስለሚያውቅ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። ይህን ሳጅን ጣቢያው በሙሉ ሬዲዮ ነው የሚለው፤ ከነጋ እስኪመሽ አፉ አይዘጋም።

«አለቃ፣ ሐኪሙ አይቷታል» አለኝ። «የደረጃው ጠርዝ ነው ጭንቅላቷን የመታት። የእጇ አንጓ ላይ ደግሞ የጣት ምልክት አለ። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዟት ነበር።»

«ሌላስ?»

ሬዲዮ ምራቁን ዋጠ። እሱ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ወዲያው አልሞተችም ብሏል። ቆይታለች።»

ተሳደብኩ። ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ተሳደብኩ።

ያገኟት የባንኩ ጥበቃ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይጠመዝዛሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ ትናንት ማታ በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። እኔው ነኝ።» ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «መብራት ስለመጣ ጄኔሬተሩን ላጠፋ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ተመልሼ ሁሉም የወጣ መስሎኝ የኋላውን በር ቆለፍኩ። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ውስጡ ድቅድቅ ነው። አላየሁም። በላይዋ ቆለፍኩባት! በሕይወት እያለች ቆለፍኩባት እኮ!»

ትከሻቸውን ያዝኩ። ከዚያ ሥራዬ ስለሆነ ቀጠልኩ።

«ወደ ጓሮ ሲሄዱ ውጭ ሰው ነበር?»

«አንድ ሰውዬ በኋላው በር ላይ ፒክአፕ አቁሞ ነበር። ያው ረፋዱ ላይ የጮኸባት መካኒክ ነው። ስመለስ ሰውዬውም መኪናውም የሉም።»

ሬዲዮ ዓይኑ በራ። «አለቃ፣ አለቀ!» አለ።

«አፍህን ዝጋ» አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ተቀበለን። ክራባቱ ቀጥ ያለ፣ ጸጉሩ የተበጠረ፣ ዓይኑ ግን የቀላ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እሱ ቆሞ ቀረ።

«እንደ እህቴ ነበረች» አለ። «ማን ገደላት ማለት የኔ ሥራ አይደለም። ግን ትናንት የሆነውን ባንኩ በሙሉ አይቶታል።»

የሆነው እንዲህ ነው። ትናንት ረፋዱ ላይ መካኒኩ እየጮኸ ገባ። ሚስቱ ልቧን የታመመች ልጃቸውን ይዛ ለሕክምና ሌላ አገር ሄዳለች። ሆስፒታሉ ለቀዶ ጥገናው ክፍያ ሲጠይቃት ካርዷ እምቢ አለ። ካርድ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ድንገት በባዕድ አገር ትልቅ ክፍያ ሲጠየቅበት የተሰረቀ ይመስለውና ራሱን ይቆልፋል። አሳውቁን የሚባለውም ለዚህ ነው። መካኒኩ ግን «አሳውቄያለሁ! ለባንኩ ነግሬያለሁ!» እያለ የማሳሰቢያን ጠረጴዛ በቡጢ ነረተው። «ልጄ አንድ ነገር ብትሆን አንቺም አትኖሪም!» ያለውን ሰልፍ የያዘው ሁሉ ሰምቷል።

«ነግሯችሁ ነበር?» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«እንዴታ! ይኸው ይዩት።» ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የመካኒኩ ሒሳብ ተከፍቷል፤ ጉዞ መኖሩ ተመዝግቧል፤ መዝጋቢዋም ማሳሰቢያ እንደሆነች ይላል። «ሰውዬው በከንቱ ነው የጮኸባት። እኛ የሚጠበቅብንን አድርገናል። ካርዱ እምቢ ካለ የዚያኛው አገር ማሽን ጣጣ ነው።»

«እርስዎ ትናንት መቼ ወጡ?»

«በጊዜ ነው የወጣሁት፣ ከሥራ መውጫ በፊት። ጥበቃውን ይጠይቋቸው፤ በር ከፍተው መኪናዬን ያስወጡት እሳቸው ናቸው።»

ወርጄ ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ የአለቃ መኪና በጊዜ ወጥታለች፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ከማሳሰቢያ ጎን የሚቀመጠው ገንዘብ ከፋይ ወጣት ነው፤ አንድ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

«ማን አቀመሰህ?» አለው ሬዲዮ።

«ጥርሴ ነው።»

ከዚህ ልጅ ላይ መጀመሪያ ዓይኔን አልነቀልኩም። በፊት ለፊቱ በር መጨረሻ የወጣው እሱ ነው። በዚያ ላይ ማሳሰቢያ የያዘችውን ቦታ ሲመኝ ኖሮ ተቀድሟል፤ ለዓመት ያህል ተኳርፈው እንደነበር ከራሱ አፍ ሰማሁ። ሬዲዮ መካኒኩን ረስቶ «አለቃ፣ አለቀ!» ሊለኝ ሲል ጥርስ ሐኪሙ ጋ እንዲደውል አዘዝኩት። ልጁ ከባንክ ወጥቶ እስኪጨልም ድረስ የሐኪሙ ወንበር ላይ አፉን በልቅጦ ተኝቶ ነበር።

«እንደዚያ ሆኖ እንኳን ሰው ሊገድል ምራቁን መዋጥም አይችልም» አለ ሬዲዮ ቅር ብሎት።

ልጁ ግን ልንሄድ ስንል አንድ ነገር ተናገረ።

«ሰውዬው ሲጮህ እኔም ተነስቼ ኮምፒውተሯን አይቻለሁ። ምንም አልተመዘገበም ነበር። ‹አልነገሩንም የኔ ወንድም› ነው ያለችው። አዝናለት ጥግ ወስዳ ስታናግረውም ነበር፤ ያወሩትን ግን አልሰማሁም።»

«አሁን ግን ተመዝግቧል። በዓይኔ አየሁት።»

«እ?» ጉንጩን ያዘ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልን። መዝገቡ የገባው ትናንት ባንኩ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ከራሷ ኮምፒውተር። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ራሷ ናት ያስገባችው። ሰውዬው አንጀቷን በልቷት ነው። ደግ ነበረች እኮ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ደግ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

መካኒኩ ጣቢያ ሲቀርብ እጁ ላይ ገና ግራሶ አለ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት ከራሱ ስልክ አይነቀልም። ማሳሰቢያ መሞቷን ስነግረው ፊቱ አመድ ሆነ።

«ሞተች? የትኛዋ? ያቺ… ያቺ የካርዷ ልጅ?» እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ኧረ በስማም! ትናንት እኮ… ውሃ ሰጥታኝ ነበር።»

«እንደምትገድላት ፎክረህባታል።»

«አፌ ነው። ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ አፌ ምን ይበል?»

«ከሥራ ሰዓት በኋላ የኋላው በር ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ።

«ጉዞውን ለባንኩ ነግሬያለሁ ብለሃል። ለማን ነው የነገርከው?»

«ለባንኩ።»

«ባንክ ጆሮ የለውም። ለየትኛው ሰው?»

«ለባንኩ ነው የነገርኩት» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

ጠረጴዛውን መታሁት። ሊሰቀል እየሄደ የሚግደረደር ሰው አይቼ አላውቅም። ጮኽኩበት፤ እሱ ስልኩን ብቻ ያያል። በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ፤ የሌላ አገር ቁጥር ነው። ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ ሬዲዮ ይዞ አስቀመጠው።

«እናቴ፣ እህቴ፣ እባክሽ!» አለኝ ያ ሁሉ ሰውዬ። «ሚስቴ ናት። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ሁላችንም እንድንሰማ አድርጌ ከፈትኩለት።

«ሰማህ?» አለች ሴትየዋ። ሹክሹክታ ነው፤ ልጇ የተኛች ይመስላል። «ሐኪሙ ዛሬ ከሰዓት ይሄዳል። እስከ ምሳ ሰዓት ካልከፈልን ተራዋን ለሌላ ይሰጡታል። ሌሊቱን ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነው ያደረው። ዛሬ ይሠራል ብለኸኛል አይደል? ካርዱ ዛሬ ይሠራል?»

«ይሠራል» አላት። «እርግጠኛ ነኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ ስትገባ ሂጂና ሞክሪ፤ ይሠራል።»

«በልጄ ሞት በል።»

«በ…» አልወጣለትም። «ይሠራል አልኩሽ እኮ የኔ እናት። አይዞሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። አንድ ነገር ሽው አለብኝ።

«ትናንት ረፋዱ ላይ ካርዱ ተዘግቶ ስታብድ ነበር» አልኩት። «ዛሬ እርግጠኛ ሆነሃል። ይሠራል ብሎ ማን ነገረህ?»

ዓይኑን ሰበረ። «የኔ እመቤት፣ አትጠይቂኝ» አለ። «ልጄ ቀዶ ጥገና እስክትገባ ድረስ ብቻ አትጠይቂኝ። ከገባች በኋላ እኔ ነኝ የገደልኳት በል ብትይኝም እላለሁ።»

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ገድሎ የሚዋሽ አውቃለሁ፤ ይህ ሰው ግን የሚፈራው እኔን አይደለም። ሌላ አንድ ሰው በሆነ ነገር ሆዱን ይዞታል። ያንን ሰው ካስቀየምኩ ልጄ ትሞታለች ብሎ ነው አፉን የለጎመው።

ሬዲዮ ተከትሎኝ ወጣ። «አለቃ፣ ገንዘቡን በሌላ መንገድ ብንልክላትስ?»

«በምን? ሐዋላው ቀናት ይፈጃል፤ ያላት ጊዜ ግን እስከ ምሳ ነው።»

እዚያው እንደቆምን ስልኬ ጠራ። ያ ጉንጨ እብጡ ልጅ ነው።

«እሷ አይደለችም ያስገባችው!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ምኑን?»

«ጉዞውን! አሁን ገብቼ አየሁት። ባልና ሚስቱ ሒሳባቸው አንድ ቢሆንም ካርዳቸው ሁለት ነው፤ የሱ አለ፣ የሷ አለ። ማሳወቂያ የሚገባው ለካርዱ ነው እንጂ ለሒሳቡ አይደለም። የተጓዘችው ሚስትየው ናት፤ የተመዘገበው ግን በባልየው ካርድ ላይ ነው! ባልየው ደግሞ እዚሁ ነው ያለው። ማሳሰቢያ ይህን ልትሳሳት? ‹ማን ነው ተጓዡ? የትኛውን ካርድ ነው የያዘው?› እያለች ጆሯችንን ያደነቆረችን እሷ አይደለችም እንዴ!»

«ቆይ» አልኩት። «እንግዲያው የሚስትየው ካርድ አሁንም…»

«እንደተዘጋ ነው። ከኛ ቅርንጫፍ ልንከፍተው አንችልም።»

እስከ ምሳ ብዙ አልቀረም።

ከደረጃው ግርጌ ማሳሰቢያ እያጣጣረች ሳለ አንድ ሰው ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጧል። የካርድ ክፍል ሥራ የማያውቅ፣ ግን ባንኩ ውስጥ እንደ ልቡ የሚገባ ሰው ነው። የባለሒሳቡን ስም ጽፎ መጀመሪያ የመጣለት ካርድ ላይ መዝግቦ ወጣ። ገንዘብ ከፋዩ እንዲህ አይሳሳትም። ጥበቃው ኮምፒውተር መክፈት አያውቁም። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በጊዜ ወጥቷል፣ መኪናው ስትወጣ ታይታለች። በዚያ ላይ አንዲት ሠራተኛውን ምን ብሎ ይገድላታል?

ተመልሼ ገባሁ። መካኒኩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ልጁ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ፖሊስ እንዲህ ነው የሚያናግረው» አለ። «አውቃለሁ። ልታስለፈልፊኝ ነው።»

«ልጅህን ይዤ እቀልዳለሁ?»

«አላውቅሽም እኮ!» አለ እንባው ግጥም ብሎ። «አላውቅሽም! ማንን ልመን?»

እውነቱን ነው፤ አያውቀኝም። ስልኩ እንደገና ሲጠራ እኔ ራሴ ከፈትኩት።

«እምቢ አለ» አለች ሚስቱ። አሁን ሹክሹክታ የለም። «ደጋግማ ሞከረችው፤ እምቢ! ሴትየዋ ሰው ፊት ካርዱን መለሰችልኝ፣ እንደ ሌባ አዩኝ! ይሠራል አልከኝ እኮ! ምን ላድርጋት? ንገረኝ፣ ተሸክሜያት የት ልሂድ?»

ያ ግንድ የሚያክል ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ሸወደኝ» አለ። «ጉድ ሠራኝ! ሥራ አስኪያጁ ነው። የነገርኩት ለሱ ነው!»

ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ የጋራዡ ደንበኛ ነው። ከጉዞው በፊት መኪናውን ሊያሠራ ሲመጣ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ጋሼ፣ ባለቤቴና ልጄ ለሕክምና ሊወጡ ነው፤ ካርዷን እንዳይዘጉባት ለልጆቹ ንገርልኝ» አለው። «እንዳለቀ ቁጠረው» አለው ሥራ አስኪያጁ። አለቃውን የያዘ ሰው መስኮት ላይ ምን ያሰልፈዋል? መካኒኩም እንዳለቀ ቆጠረው። ሥራ አስኪያጁ ከጋራዡ ሳይወጣ ረስቶታል።

«ትናንት ከጮኽኩባት በኋላ ልጅቷ ጥግ ወስዳ ‹የኔ ወንድም፣ ለማን ነበር የነገርከው?› አለችኝ። ለአለቃሽ አልኳት። ደነገጠች። ‹ተወው፣ ዛሬውኑ ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ፤ እነሱ ይከፍቱታል› አለችኝ። ከሰዓት እሱ ደወለልኝ። ‹ስሜን ካነሳህ ከሥራ ያባርሩኛል፤ እኔ ከተባረርኩ ካርዱን ማንም አይከፍትልህም። ማታ በኋላ በር ና› አለኝ። ሄድኩ። ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ‹ጨርሻለሁ፣ ነገ ይሠራል። ግን ስሜ እንዳይነሳ› አለኝ። ጋራዥ ድረስ በፒክአፑ ወሰድኩት።»

«ጋራዥ? የራሱ መኪናስ? በጊዜ ወጥታለች እኮ።»

«ፍሬኗን እንድናይለት የኔ ሠራተኛ ነው ከሰዓት መጥቶ የወሰዳት። ጋራዥ ነበረች።»

ሬዲዮ ወዲያው ለጥበቃው ደወለ። «አባባ፣ መኪናዋ ስትወጣ አለቃውን ውስጥ አይተዋቸዋል?»

«መስታወቷ ጥቁር ነው ልጄ፣ ምን ይታያል? መኪናዋ ከወጣች እሱ ወጣ ነዋ!»

ሬዲዮ ካቴናውን ከመሳቢያ አነሳ። «እንሂድ አለቃ?»

«ቁጭ በል» አልኩት። «እሱ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ልጅቷ።»

ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። አንዲት ሴት በተለማመደ ድምፅ «ስለደወሉልን እናመሰግናለን» አለችኝ። ፖሊስ መሆኔን፣ ሕፃን ልትሞት መሆኗን ነገርኳት። «ይቅርታ እመቤቴ፣ የተዘጋ ካርድ የምንከፍተው ባለሒሳቡ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ለደንበኛው ደኅንነት ሲባል» አለች። እንዴት እንዳልተሳደብኩ አላውቅም። ስልኩን ለመካኒኩ ሰጠሁት።

«የእናትዎን ሙሉ ስም ይንገሩኝ?»

የእናቱን ስም ተናገረ፤ ልቅሶው ቃሉን ስለሚቆርጠው አልተሰማትም።

«ይድገሙልኝ?»

ደገመላት። የትውልድ ቦታውን ጠየቀችው። መጨረሻ ያወጣው ገንዘብ ለምን እንደነበረ ጠየቀችው። «ለአውሮፕላን ቲኬት!» ብሎ ጮኸ። «ለልጄ ቲኬት!»

«ተጓዡ ማን ነው? የትኛውን ካርድ ነው የያዘው?» አለች ሴትየዋ።

መካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ። «ሚስቴ ናት» አለ። «የራሷን ካርድ ነው የያዘችው። የሷን ክፈቺልኝ እህቴ። የኔን አይደለም፤ የሷን።»

ሴትየዋ ስትጽፍ ቆየች። «ተከፍቷል» አለች በመጨረሻ። «መልካም ጉዞ ይሁንላቸው።»

ሚስቱ ጋ ደወልን። ገንዘብ ተቀባይዋ ልትወጣ ስትል ሚስቱ ደርሳ በሩ ላይ ለምና መለሰቻት። ስልኩ ክፍት ነው፤ የሰው ጫማ ሲንኳኳ፣ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማናል። ሬዲዮ ጥፍሩን ይበላል። ከዚያ ሚስቱ እሪ አለች፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባንም።

«አለፈ!» አለች። «አለፈ! እየወሰዷት ነው፣ ልጄን እየወሰዷት ነው!»

መካኒኩ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። እኔ ወደ ኮሪደር ወጥቼ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ሥራ አስኪያጁን ጠረጴዛው ላይ አገኘነው፤ ለሠራተኞቹ የሐዘን መግለጫ እየጻፈ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ «አዲስ ነገር አለ?» አለኝ።

«መኪናህ ትናንት በጊዜ ወጥታለች» አልኩት። አንቱታው አፌ ላይ ሞቷል። «አንተ ግን አልወጣህም።»

ስለ ጋራዡ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ኋላው በር ነገርኩት። በመጨረሻም ጉዞውን በስህተት በባልየው ካርድ ላይ መመዝገቡን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሁለት ካርድ አላቸው እንዴ?» አለ።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ጥያቄ ነው። ሬዲዮ ሊስቅ ወይም ሊመታው እንደፈለገ አላውቅም፤ አፉን በእጁ ያዘ።

«እንድትጽፍ አልፈለግኩም» አለ ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ እየሟሸሸ። «ለምኛታለሁ። አንዲት ነገር ረሳሁ ብዬ የሃያ ዓመት ስሜ ይጥፋ? ‹ስለ ስምህ ልጅቷ ከዳነች በኋላ እናስብበታለን› አለችኝ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ልሄድ ነው ብላ በኋላ በር ልትወጣ ስትል እጇን ያዝኩ። መንጭቃ አስለቀቀች። ወደቀች። እኔ አልገፋኋትም።»

«ከዚያስ?»

«ካርዱን ልክፈት ብዬ ተመለስኩ። ካርዱ ከተከፈተ ሁሉም ነገር የሚስተካከል መስሎኝ።»

«ስትወጣ በሷ አጠገብ ነው ያለፍከው። ሌላ መንገድ የለም።»

መሬት መሬቱን አየ።

«ትተነፍስ ነበር?»

«ትነሳለች ብዬ ነው» አለ። «እግዚአብሔርን፣ ትነሳለች ብዬ ነው።»

ከዚያ በላይ ባዳምጠው እጄ ላይ ይቀር ነበር። ሬዲዮ አሰረው፤ በመላው መንገድም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

መካኒኩን ስለቀው ወደ ቤቱ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ቤቷ የት ነው?» አለኝ። «የልጅቷ።»

«አሁን አይደለም። አንተም ጭንቅ ላይ ነህ።»

«ልጄ ውስጥ ናት። እዚያ ሆኜም እዚህ ሆኜም አልረዳትም። ውሰጂኝ።»

ወሰድኩት። ማሳሰቢያ ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ አግዳሚዎች ከየጎረቤቱ ተለቃቅመው ተደርድረዋል። እናቷ ጥቁር ነጠላ ተከናንበው መሃል ተቀምጠዋል፤ ማልቀስ ደክሟቸው ዝም ብለው ያያሉ። መካኒኩ ሰዉን እየገፋ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማማ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ልጅዎ ላይ የጮኽኩባት እኔ ነኝ። ልጄ ታማ ነው፣ ሰው አልነበርኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

አንድ ወንድም ይሁን አጎት ከኋላ ተነሳ፤ ነገር እንዳይበላሽ ጠጋ አልኩ። አሮጊቷ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙት፤ ሰውዬውንም ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ነህ» አሉ። «በምሳ ሰዓት ደውላልኝ ነበር። ‹እማዬ፣ አንድ ሰውዬ ጮኸብኝ፤ ግን እውነቱን ነው፣ ልጁ ልትሞትበት ነው› ብላ አለቀሰች። ዛሬ ሳላስከፍትለት አልገባም አለችኝ።» ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። «ልጅህስ? እንዴት ሆነች?»

መካኒኩ ስልኩን ጨብጦ አሳያቸው።

«ገብታለች እማማ» አለ። «ገና… ገና አልወጣችም።»

አሮጊቷ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት።

«በል ተነስና ተቀመጥ» አሉት። «እስክትወጣ እኔም አብሬህ እጠብቃለሁ።»